የነባር ሕዝቦች ሴቶች ጤናና ሐኪሞቻቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐኪም «መሪ ነው» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ወይም ሚኒስትር ነው። እዚህ የምናነሳቸው ሐኪሞች ግን አብዛኞቹ ትልቅ ወንበር አልነበራቸውም። የሠሩት ትልቅ ነገር የታካሚን ፋይል ገልጠው «ይህቺ ሴት ፈቅዳ ነው ወይ?» ብለው መጠየቃቸው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ብዙዎችን ግን ዋጋ አስከፍሏል።

ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ነባር ሕዝቦች» የሚባሉት እነማን ናቸው?

አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ከመምጣታቸው በፊት በየአገሩ ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው። በፊልም «ቀይ ሕንድ» እያልን ያደግንባቸው የአሜሪካ ሕዝቦች፣ በሰሜን ካናዳና በግሪንላንድ የሚኖሩት ኢኑዊቶች፣ የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ከነሱ መካከል ናቸው። አንድ ወጥ ሕዝብ አይደሉም። በአሜሪካ ብቻ የፌዴራል መንግሥቱ በሕግ የሚያውቃቸው ከ570 በላይ የጎሳ መንግሥታት አሉ። ቋንቋው፣ እምነቱ፣ የአራስ ጥሪው ሁሉ ይለያያል። ስለዚህ «ነባር ሕዝቦች እንዲህ ያምናሉ» የሚል ነገር ስታነቡ ጠርጠር አድርጉ።

ጤናቸው ለምን ለብቻው ይነሳል? ሐኪም ቤት የላቸውም እንዴ?

አላቸው። በአሜሪካ መንግሥት መሬታቸውን ሲወስድ በውል ከገባቸው ግዴታዎች አንዱ ሕክምና ነው። ስለዚህ «ነጻ ይታከማሉ» ሲባል ምጽዋት አይምሰላችሁ፤ የመሬት ዕዳ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ኢንዲያን ሄልዝ ሰርቪስ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው።

አከፋፈሉን እንየው። በ2017 ይህ መሥሪያ ቤት ለአንድ ሰው ያወጣው 4,078 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት በዋናነት ለአረጋውያን የተቋቋመው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ለአንድ ሰው 13,185 ዶላር አውጥቷል። ለድሆች የተቋቋመው ሜዲኬይድ እንኳ 8,109 ዶላር ያወጣ ነበር። ቁጥሩን ያወጣው የመንግሥት ሒሳብ መርማሪው ራሱ ነው።

ውጤቱ ሴቶቹ ላይ ይታያል። በአሜሪካ የነባር ሕዝብ ሴት ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት የመሞት ዕድሏ ከነጭ ሴት ሁለት ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ሐኪሞቹን ብንቆጥር ደግሞ፣ በ2018 በአሜሪካ በሥራ ላይ ከነበሩት ሐኪሞች መካከል ከነዚህ ሕዝቦች የወጡት 0.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሺህ ሦስት ማለት ነው።

ከነባር ሕዝብ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሐኪም ማን ናት?

በአሜሪካ ሱዛን ላ ፍሌሽ ፒኮት ናት። በ1865 በዛሬዋ ነብራስካ፣ ከኦማሃ ሕዝብ ተወለደች። አባቷ የጎሳው አለቃ ነበር። ልጅ ሳለች አንዲት የታመመች አሮጊት አጠገብ ቁጭ ብላ ታስታምማለች። መንግሥት የቀጠረው ሐኪም አራት ጊዜ ተላከበት። እመጣለሁ እያለ ቀረ። አሮጊቷ ሳይነጋ ሞተች። ሱዛን ይህን ነገር አልረሳችም። ሰውዬው የቀረው በሽተኛዋ «ኢንዲያን» ስለሆነች እንደሆነ ገብቷታል።

ፊላደልፊያ በነበረው የሴቶች ሕክምና ኮሌጅ ገባች። የሦስት ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት ጨርሳ በ1889 በአንደኝነት ተመረቀች። ምሥራቁ ላይ ቀርታ የደላው ኑሮ መኖር ትችል ነበር። እሷ ግን ወደ አገሯ ተመለሰች። በ24 ዓመቷ ከ1,200 በላይ ለሚሆን ሕዝብ ብቸኛዋ ሐኪም ሆነች። በበረዶና በነፋስ፣ በፈረስና በጋሪ ከቤት ቤት እየዞረች ታክም ነበር። ሌሊት የሚመጣ በሽተኛ መንገድ እንዳይጠፋው መስኮቷ ላይ ፋኖስ አብርታ ታድር ነበር ይባላል።

ሥራዋ መድኃኒት በመስጠት አላበቃም። ሰዉ የመንግሥት ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፤ ታነብለታለች፣ መልሱን ትጽፍለታለች። ከመሬቱ ኪራይ የሚገባው ገንዘብ የተያዘበት ይመጣል፤ ትሟገትለታለች። ያን ጊዜ ትልቁ ገዳይ የሳንባ ነቀርሳ ነበር። አንድ የመጠጫ ኩባያ ለሁሉ እንዳይዞር፣ ዝንብ ምግብ ላይ እንዳያርፍ ስታስተምር ዓመታት አሳለፈች። በ1910 ስለ መሬቱ ጉዳይ ዋሽንግተን ድረስ ሄዳ ባለሥልጣናቱን ፊት ለፊት ተናገረች። በ1913 ዎልትሂል በምትባለው ከተማ ሆስፒታል አስከፈተች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ገንዘብ ነበር እንጂ የመንግሥት አንድ ብር አልነበረበትም። ሁለት ዓመት ቆይታ በ50 ዓመቷ አረፈች። በመላ አሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት ከሞተች ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

አንዳንዶች እንደ ቅድስት ይስሏታል። እኔ በዚህ አልስማማም። «ነባሩ ሕዝብ እንደ ነጩ ካልኖረ አይድንም» የሚለውን የሚሲዮኖቹን ሐሳብ ብዙ ዘመን ይዛው ኖራለች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ያንኑ መንግሥት «ሕዝቤን እንደ ሕፃን አትያዘው» ስትል እናገኛታለን። ቅድስት ከምትመስለው ይልቅ ሐሳቧን የቀየረችው ሱዛን ለኔ ትበልጣለች።

በ1970ዎቹ ሴቶች ያለ ፈቃዳቸው እንዲመክኑ ተደርገዋል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ስፋቱ ላይ ግን እስከ ዛሬ ክርክር አለ።

ነገሩን ካወጡት አንዷ ዶ/ር ኮኒ ፒንከርተን ዩሪ ናቸው። የቾክታውና የቼሮኪ ዘር ያላቸው፣ ሎስ አንጀለስ ይሠሩ የነበሩ ሐኪም ናቸው። በ1972 አንዲት የ26 ዓመት የነባር ሕዝብ ሴት ክሊኒካቸው መጣች። የመጣችበትን ጉዳይ ስትናገር ዶክተሯ ደነገጡ። ሴትዮዋ ማህፀን እንዲተከልላት ነበር የፈለገችው። ኩላሊት ከተተከለ ማህፀንም ይተከላል ብላ ነው። በ20 ዓመቷ የመንግሥቱ ሐኪም ማህፀኗን አውጥቶታል። አሁን ልታገባ ነው፣ ልጅ ትፈልጋለች። የተደረገባት ነገር እንደማይመለስ የነገራት ሰው አልነበረም።

ዶ/ር ዩሪ መጀመሪያ የአንድ ሐኪም ስህተት መስሏቸው ነበር። ሌሎች ሴቶችን መጠየቅ ሲጀምሩ ተመሳሳይ ታሪክ ተደራረበባቸው። ፋይል ማገላበጥ፣ መጻፍ፣ መጮኽ ያዙ። በመጨረሻ የደቡብ ዳኮታው ሴናተር ጄምስ አቡሬዝክ የመንግሥት ሒሳብ መርማሪው ጉዳዩን እንዲያጣራ ጠየቁ። ሪፖርቱ በ1976 ወጣ። ከ12ቱ የኢንዲያን ሄልዝ ሰርቪስ ክልሎች የታዩት አራቱ ብቻ ነበሩ። በነዚህ አራት ክልሎች ከ1973 እስከ 1976 ባሉት የበጀት ዓመታት 3,406 ሰዎች የማምከን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል ወይም ተደርጎባቸዋል። «ላቸዋል» ይሁን «ባቸዋል» ለመለየት ሴቶቹን መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። መርማሪዎቹ አንዲትም ሴት አላነጋገሩም። የፈቃድ ፎርሞቹ ግን ደንቡን የጠበቁ እንዳልነበሩ አረጋገጡ። ዕድሜያቸው ከ21 በታች በሆኑ ሴቶች ላይ እንዳይሠራ ተከልክሎ ሳለ 36 እንዲህ ያሉ ሴቶች ተገኙ።

ፈርመው የለም እንዴ? የፈረመች ሴት እንዴት «አልፈቀድኩም» ትላለች?

ይሄ በጣም የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ፊርማና ፈቃድ ለየቅል ናቸው። በምጥ የተያዘች ሴት ፊት ወረቀት ቢቀርብ ትፈርማለች። ምን እንደሆነ ባታውቅም ትፈርማለች። ቋንቋው ካልገባት፣ «ካልፈረምሽ ድጎማሽ ይቆማል» የሚል ፍርሃት ካለባት፣ ወይም ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አይሳሳትም ብላ ካደገች ትፈርማለች። የእኛም እናቶች «ዶክተሩ ያለው ይሁን» ይሉ የለ?

በአሜሪካ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ በ1979 ሥራ ላይ የዋለ ደንብ ወጣ። በፌዴራል ገንዘብ ማህፀን የምታስቋጥር ሴት ዕድሜዋ ቢያንስ 21 መሆን አለበት። ከፈረመች በኋላ 30 ቀን መጠበቅ አለባት። ምጥ ላይ እያለች ማስፈረም ክልክል ነው። ቋንቋ ካልቻለች አስተርጓሚ ይቀርባል። ለዚህ ደንብ የታገሉት የነባር ሕዝብ ሴቶች ብቻ አልነበሩም። ጥቁር ሴቶችና የፖርቶሪኮና የሜክሲኮ ዘር ያላቸው ሴቶችም ተመሳሳይ በደል ደርሶባቸው ነበር።

እዚህ ጋ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ዛሬ ፈልጋ፣ አስባበት ማስቋጠር የምትፈልግ ደሃ ሴት ያው የ30 ቀን ደንብ ያጉላላታል። የግል ኢንሹራንስ ያላት ሴት ግን ይህ መጠበቅ የለባትም። ስለዚህ ደንቡ ይሻሻል የሚሉ የማህፀን ሐኪሞች ብዙ ናቸው፤ «አይነካ፣ ያለፈውን አትርሱ» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ይሻሻል አይሻሻል የሚለውን መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው ደንቡ የተጻፈላቸው ሴቶች ናቸው።

ይሄ እኮ የድሮ ታሪክ ነው፤ ዛሬ የቀረ አይደለም?

አልቀረም። በካናዳ ሳስካቹን ግዛት፣ ሳስካቱን ከተማ፣ የነባር ሕዝብ ሴቶች ከወለዱ በኋላ ተገደን የማህፀን ቱቧችን ተቋጠረ ብለው አፍ አውጥተው ተናገሩ። የጤና መሥሪያ ቤቱ ሁለት ሰዎች ከውጭ እንዲመረምሩት አደረገ። አንዷ ከካናዳ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሜቲስ ተወላጅ ሐኪም ዶ/ር ጁዲት ባርትሌት፣ ሌላዋ የሕግ ባለሙያዋ ኢቮን ቦየር ናቸው። እነሱ ያደረጉት የአሜሪካው መርማሪ በ1976 ያላደረገውን ነው። ሴቶቹን ቁጭ ብለው አዳመጡ። ሴቶቹ እንደ ሰው እንዳልታዩ፣ ገና ሲገቡ እንደተፈረደባቸው፣ እምቢ ለማለት አቅም እንዳጡ ተናገሩ። አንዳንዶቹ ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት መሄድ እርም ብለዋል። ለራሳቸው ሕመም ቀርቶ ልጆቻቸውን ለማሳከም እንኳ እየፈሩ። ሪፖርቱ በ2017 ሲወጣ የጤና መሥሪያ ቤቱ ይቅርታ ጠየቀ።

በዚያው በካናዳ፣ በሰሜን ምዕራብ ግዛቶች፣ አንዲት ኢኑዊት ሴት በ2019 አንዱ ቱቦዋ ብቻ እንዲወጣ ፈቅዳ ለቀዶ ሕክምና ተኛች። ሁለቱም ወጡ። ሐኪሙ በ2023 ለአምስት ወር ፈቃዱ ታገደ። አምስት ወር ይበቃል አይበቃም፣ ለናንተ ትቼዋለሁ።

በዴንማርክ ሥር ያለችው የግሪንላንድ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ስፋት አለው። ከ1966 ጀምሮ የዴንማርክ ሐኪሞች በዘመቻ ለኢኑዊት ሴቶች ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የእርግዝና መከላከያ) ያስገቡ ነበር። በ1970 ገደማ 4,500 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች ሉፕ ገብቶላቸው ነበር። መውለድ ከሚችሉት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። አንዳንዶቹ የ13 ዓመት ተማሪዎች ነበሩ፤ ለምርመራ ተብለው ከትምህርት ቤት ተወስደው። ለብዙዎቹም ሆነ ለወላጆቻቸው ምንም አልተነገረም። በ2024 ሴቶቹ 143 ሆነው መንግሥትን ከሰሱ። የዴንማርክ ጠቅላይ ሚኒስትር መስከረም 2025 የግሪንላንድ ዋና ከተማ ኑክ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ።

በእስራኤል ስለ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የተወራውስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ቤተ እስራኤላውያኑ በእስራኤል «ነባር ሕዝብ» ተብለው አይቆጠሩም። ጥያቄው ግን ያው የፈቃድ ጥያቄ ነው።

በ2012 መጨረሻ አንድ የእስራኤል ቴሌቪዥን ፕሮግራም ኢትዮጵያውያን ሴቶችን አቀረበ። ገና ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዟቸውን ሲጠብቁ የሦስት ወር መርፌ፣ ዲፖ የምንለውን፣ ተገፋፍተን ወሰድን አሉ። ካልወሰዳችሁ ጉዞው ይከብዳችኋል ተባልን ያሉም ነበሩ። ሥራውን ይሠሩ የነበሩት ድርጅቶች አስተባበሉ። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ዳይሬክተር መመሪያ አወጡ። የመርፌው ትርጉም በደንብ ላልገባት ሴት ማዘዣ እንዳይታደስ የሚል ነው። በ2016 የመንግሥት ተቆጣጣሪው «ተገደው ለመሆኑ ማስረጃ አላገኘሁም» አለ።

ታዲያ ማን ልክ ነው? «መርፌው ሰላም ነው፣ ውሰጂ» በሚል ንግግርና «ይህ መርፌ እንዲህ ያደርጋል፣ ሌላ ምርጫም አለ፣ ምን ትያለሽ?» በሚል ንግግር መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ አይገኝም። ሴቶቹ የተናገሩት ስለዚያ ልዩነት ነው።

ሐኪሙ ከዚያው ሕዝብ ከሆነ ችግሩ ይፈታል ማለት ነው?

አይደለም። ይሄን አጥብቄ የምለው ብዙ ተቋም አንድ የነባር ሕዝብ ሐኪም ቀጥሮ፣ ፎቶውን ድረ ገጽ ላይ ለጥፎ፣ ሥራው ያለቀ ስለሚመስለው ነው።

የ37 ዓመቷን የጆይስ ኢሻኳንን ጉዳይ አስታውሱ። ከካናዳ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የአቲካሜክ ሕዝብ ተወላጅ፣ የሰባት ልጆች እናት ነበረች። መስከረም 28 ቀን 2020 ኩቤክ፣ ጆሊየት ከተማ ባለ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ስልኳን ከፍታ ቀጥታ አስተላለፈች። የሆስፒታሉ ሠራተኞች ሲሰድቧት አገሩ ሁሉ ሰማ። በዚያው ቀን ሞተች። ሞቷን የመረመሩት ኮሮነር ዘረኝነት ለሞቷ ምክንያት ከሆኑት አንዱ እንደሆነ በ2021 ጻፉ። አንድ ጥሩ ሐኪም በዚያ ክፍል ቢኖር ያድናት ነበር ይሆናል። ግን ቤቱ እንደዚያ የለመደ ከሆነ ነገ ሌላ ክፍል ሌላ ሴት አለች።

ስለዚህ አመራር የሚያስፈልገው ሕግና ልማድ በሚሠራበት ቦታ ጭምር ነው። በ1867 የተመሠረተው የካናዳ ሐኪሞች ማኅበር ከነባር ሕዝብ የወጣ ፕሬዚዳንት ያገኘው በ2022 ነው፤ የማደንዘዣ ሐኪሙ ዶ/ር አሊካ ላፎንቴይን። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 2024፣ ማኅበሩ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ሐኪሞች ለነባር ሕዝቦች ተብለው በተለዩ ሆስፒታሎች ስላደረሱት በደል፣ ያለ ፈቃድ ስለተደረገ ሙከራ፣ ስለ ማምከን። ከአንገት በላይ ነው ያሉ አሉ። እኔ ግን 157 ዓመት የጠበቀ ማኅበር ይቅርታ የጠየቀው አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ የራሱን ቤት መዝገብ ስላስከፈተ ነው እላለሁ።

ሴቶች ለወሊድ በአውሮፕላን ይወሰዳሉ ሲባል ምን ማለት ነው?

በሰሜን ካናዳ ሩቅ መንደሮች ያለች ኢኑዊት እርጉዝ ሳምንታት ቀደም ብላ ወደ ደቡብ ትላካለች። ዘመድ የለም፣ ቋንቋ የለም፣ የለመደችው ምግብ የለም። ብቻዋን ትወልዳለች። ከደኅንነት አንጻር ተብሎ የተጀመረ ነገር ነው፤ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። እዚህ አገር «አራስ ቤት ብቻዋን አትተውም» ብለን ላደግን ሰዎች ግን ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

በሰሜን ኩቤክ ፑቪርኒቱክ በምትባል መንደር ሴቶቹ እምቢ አሉ። በ1986 የራሳቸው የማዋለጃ ማዕከል ተከፈተ። የመንደሯ ሴቶች አዋላጅነት እዚያው ተማሩ። ማን እዚህ ይውለድ፣ ማን ይላክ የሚለውን አዋላጆች፣ ነርሶችና ሐኪም አብረው ተቀምጠው ይወስናሉ። ውጤቱ ጥሩ ሆነ፤ አብዛኞቹ እናቶች በአገራቸው ይወልዳሉ። እዚህ ጋ የሐኪሙ መሪነት ወንበሩን መልቀቁ ነው።

በአላስካም ተመሳሳይ ነገር አለ። ከ170 በላይ መንደሮች ሐኪም የላቸውም። ከመንደሩ የተመረጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴት የሆነ የጤና ረዳት ሠልጥኖ ያገለግላል፤ ሐኪሙ ከሩቅ በስልክ ያማክራል። በ1968 በመንግሥት በጀት የተቋቋመ ነው። በ2003 የተጀመረውን የእኛን የጤና ኤክስቴንሽን ለሚያውቅ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ጥሩ ውጤት የታየበት ምሳሌ አለ?

የኒውዚላንዱ ደስ ይለኛል። የማኦሪ ሴቶች በማህፀን በር ጫፍ ካንሰር ከሌሎች ሴቶች ከእጥፍ በላይ ይሞቱ ነበር። ምርመራው ነጻ በሆነበት ጊዜ እንኳ ብዙዎች አይመጡም። ለምን? የተለመደው መልስ «ግንዛቤ የላቸውም» ነው። ፖስተር ይታተማል፣ ዘመቻ ይደረጋል፣ ለውጥ የለም።

ንጋቲ ፖሮ የሚባለው የማኦሪ ጎሳ ተወላጅ ዶ/ር ቤቭ ላውተን ሌላ ነገር ጠየቁ። ሴትዮዋ የማትመጣው ምርመራው ራሱ ስለሚያሳፍራት ቢሆንስ? አልጋ ላይ ወጥታ፣ እግሯን ከፍታ፣ የማታውቀው ሰው ብረት ሲያስገባባት። ስለዚህ ናሙናውን ራሷ ትውሰድ። በጥጥ የተጠቀለለች ቀጭን እንጨት የመሰለች ነገር ናት፤ መጸዳጃ ቤት ገብታ፣ በርዋን ዘግታ፣ በደቂቃ ታጠናቅቃለች። ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ ካልተገኘ አለቀ። ከተገኘ ብቻ ነው ወደ ሐኪም የምትሄደው።

ላውተንና ባልደረቦቻቸው ይህ እንደሚሠራ ከማኦሪ ሴቶች ጋር አብረው ሠርተው አሳዩ። ከዚያ ዓመታት ወተወቱ። ከመስከረም 2023 ጀምሮ ራስን መመርመር የአገሪቱ ሁሉ መደበኛ አሠራር ሆነ። ለማኦሪ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም ሴት። በ2025 ዶ/ር ላውተን የዓመቱ ኒውዚላንዳዊት ተብለው ተሸለሙ።

ጾታ ሲባል ሴቶች ብቻ ናቸው?

አይደሉም። የወንዶቹ ዕድሜ ከሴቶቹም ያጥራል፤ አደጋ፣ መጠጥ፣ ራስን ማጥፋት ይበዛል። ከወንድና ከሴት ውጭ ላሉ ሰዎች በባህላቸው ቦታ የነበራቸው ጎሳዎችም አሉ፤ በዚህ ላይ የሚሠሩ የነባር ሕዝብ ሐኪሞችም አሉ። ሰፊ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

የሴቶች ጥቃት የፖሊስ ጉዳይ ነው፤ ሐኪምን ምን አገባው?

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያያት እሱ ስለሆነ ያገባዋል። በ2016 የወጣ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጥናት ከነባር ሕዝብ ሴቶች ከአምስቱ አራቱ በዕድሜያቸው ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ለጎሳዎቹ በተከለለው፣ ሪዘርቬሽን በሚባለው ምድር ደግሞ የሕግ ቀዳዳ ነበረ። ከ1978ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ የጎሳ ፍርድ ቤት ነባር ያልሆነን ሰው በወንጀል መክሰስ አይችልም ነበር። በ2013 በከፊል ተስተካከለ።

ሕጉ ቢስተካከልም ማስረጃ ያስፈልጋል። የተደፈረች ሴት ናሙና የሚወስድ የሠለጠነ ነርስ ወይም ሐኪም በአቅራቢያዋ ከሌለ ሰዓታት ትነዳለች። ብዙዎቹ አይነዱም፤ ገላቸውን ታጥበው ይተኛሉ። ክሱም እዚያው ይሞታል። በአንድ ትንሽ ሆስፒታል አንዲት ነርስ ማሠልጠን ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለፍርድ ቤቱ ግን የጉዳዩ መጀመሪያ ነው።

ከነዚህ ሕዝቦች ሐኪም እንዲበዛ ምን እየተደረገ ነው?

በ1971 አሥራ አራት ሐኪሞች ተሰባስበው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ሐኪሞች ማኅበርን መሠረቱ። በ1973 የሰሜን ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ ከታች ክፍል ጀምሮ ልጆችን ለሕክምና ትምህርት የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ከፈተ። በ2020 ደግሞ በኦክላሆማ፣ ታሌኳ ከተማ፣ ከቼሮኪ ሕዝብ መንግሥት ጋር በሽርክና የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በጎሳ ምድር ላይ የመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ2024 ተመረቁ።

እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። አሜሪካ ሆስፒታል ብትገባ ከዚህ ሁሉ ምን ይጠቅመኛል?

ብዙ። እነዚያ ሴቶች ታግለው ያስገኙት መብት ለእሷም ይሠራል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚወስድ ሆስፒታል ሁሉ፣ ማለትም ሁሉም ለማለት ይቻላል፣ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። በአካል ባይሆን በስልክ ወይም በቪዲዮ። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ልጅሽ ታስተርጉም ቢሏት እሺ አትበል። ልጅ በእናቷ ፊት ስለ ማህፀን ማውራት ይከብዳታል፤ ግማሹን ትውጠዋለች።

ቀዶ ሕክምና ከሆነ ፎርሙ ከቀኑ በፊት ይነበብላት። ምን እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚቀር፣ መውለድ ትችል እንደሆነ፣ ባይደረግ ምን እንደሚሆን ትጠይቅ። ድንገተኛ ካልሆነ «ቤት ሄጄ ላስብበት» ማለት ነውር የለውም። ከፈረመች በኋላም ሐሳቧን መቀየር ትችላለች። በመንግሥት ገንዘብ በሚደረግ ማስቋጠር ላይ ይሄ ራሱ ቅጹ ላይ ተጽፎ አለ።